የኤሊዋ ሳጥን ትንኞች፦ በነፃ የተሰጡን ምክሮች ሲመዘኑ

ክረምት ሲገባ ፉሪ ላይ ሁለት ነገር አይቀርም፤ ጭቃና ትንኝ። ለጭቃው ቦት ጫማ አለን። ለትንኟ ግን ያለን ምክር ብቻ ነው፤ እሱም በሽ በሽ።

እኛ ቤት አንዲት ኤሊ አለች። ከአጎታችን የወረስናት ናት፤ ከእህቴ በዕድሜ ትበልጣለች። ቀን ቀን ግቢው ውስጥ ሣር ስትግጥ ትውላለች። ክረምት ላይ ግን ብርዱ ስለሚከብዳት ማታ በረንዳ ላይ ባለው የጣውላ ሳጥን ውስጥ ታድራለች። ሳጥኑ ውስጥ አፈርና ሰጋቱራ አለ፤ ከላይ የሚያሞቃት አምፖል ተሰቅሏል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ እህቴ ጠዋት ክዳኑን ስትከፍት ጥቁር ብናኝ የመሰለ ነገር ፊቷ ላይ ቦነነባት። ትንኝ! አንድ ሁለት አይደለም፣ ደመና ነው።

በሳምንት ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ባለሙያ ሆነ። ባለሱቁ “ፍሊት ንፉበት” አለ። ጎረቤታችን እትዬ “ጥንጁት አጭሱበት” አሉ። የእህቴ ጓደኛ “ኮምጣጤ በኩባያ አስቀምጡ” አለች። አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ (ስሙ ይቅር) “መርፌ አለው” አለን። እኔም ኬሚካል ምህንድስና ተምሬ የለ? ከአሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያ ፈትቼ ወጥመድ ሠራሁ።

ይህ ጽሑፍ የእነዚህ ምክሮች ሂስ ነው። መጽሐፍ ይሄሳል፣ ፊልም ይሄሳል፤ ምክር ግን፣ በተለይ በነፃ የመጣ እንደሆነ፣ ማንም አይመዝነውም። ዋጋውን የምትከፍለው ደግሞ መናገር የማትችለዋ ኤሊ ናት። ስለዚህ እያንዳንዱን ምክር ሦስት ጥያቄ እንጠይቀዋለን። አንደኛ፣ የሚነካው የትንኟን የትኛውን የዕድሜ ደረጃ ነው? ሁለተኛ፣ ከትንኟ ሌላ ማንን ይነካል? ሦስተኛ፣ መሥራቱን በምን እናውቃለን?

መጀመሪያ፣ ማናት እሷ?

“ትንኝ” የምንለው ነገር አንድ ዓይነት ነፍሳት አይደለም። በኤሊ ሳጥን ዙሪያ በብዛት የሚታዩት ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያዋ ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት የምታውቋት ናት። ቡናማ፣ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ፣ ብዙውን ጊዜ ዓይኗ ቀይ። በሳይንስ ድሮሶፊላ ትባላለች። የምትፈልገው የበሰበሰና የፈላ ፍራፍሬ ነው። ኤሊያችሁ ያስተረፈችው ሙዝ ወይም ቲማቲም ሳጥኑ ጥግ ላይ ካለ፣ ጥሪው ደርሷታል ማለት ነው።

ሁለተኛዋ ጥቁር፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም ናት፤ ከሁለት እስከ አራት ሚሊሜትር ብትሆን ነው። በረራዋ ደካማ ስለሆነ አፈሩ ላይ መሮጥ ትወዳለች። የአበባ ማሰሮ ያለው ቤት ሁሉ ያውቃታል። ሳይንቲስቶች ሲያሪድ ከሚባለው ቤተሰብ ይመድቧታል፤ እኔ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ “የአፈር ትንኝ” እላታለሁ። አትናከስም፣ ደም አትመጥም። እንቁላሏን የምትጥለው እርጥብ አፈር ላይ ነው። እጯ ገላዋ ብርሃን ያሳልፋል፣ ራሷ ግን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነው፤ የላይኛው የአፈር ንብርብር ውስጥ ሻጋታና የበሰበሰ ተክል እየበላች ታድጋለች።

የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ማጉያ መነፅር አያስፈልጋችሁም። አንድ ድንች ስጡና ቁራጩን እርጥቡ አፈር ላይ ደፍታችሁ አስቀምጡ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ገልብጡት። ጥቁር ራስ ያላቸው ቀጫጭን እጮች ከሥሩ ከተሰበሰቡ፣ እንግዳችሁ የአፈር ትንኝ ናት። እኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው። እህቴ ድንቹን ገልብጣ ስታይ “ኧረ እዚህ ነው ለካ ከተማቸው!” አለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ትልልቅና አረንጓዴ የሚያብረቀርቁ ዝንቦች ኤሊዋ ላይ ሲያርፉ ካያችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው። እነሱ ቁስል ላይ እንቁላል ይጥላሉ፣ እጩም ሥጋዋን ይበላል። ያኔ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ።

ምክሩን ሁሉ የሚፈትን ትንሽ ሒሳብ

አንዲት የአፈር ትንኝ እናት በአጭር ዕድሜዋ ከመቶ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ሒሳቡን ለማቅለል 100 እንበል። ደግሞም እንገምት፤ ከመቶው 90ው በመንገድ ይሞታል፣ 10 ብቻ ክንፍ ያወጣል። ከአሥሩ ግማሹ ሴት ነው፤ 5 እናቶች። እነሱ 25 እናቶችን ይተካሉ፣ ቀጥሎ 125።

አሁን ክንፍ ያወጡትን የሚገድል ነገር አመጣችሁ እንበል። ከአምስቱ እናቶች ሦስቱን ገደለ። ጥሩ ይመስላል አይደል? 60 በመቶ! ግን የቀሩት ሁለቱ አሥር ይተካሉ፣ ከእነሱም አራት ይተርፋሉ፣ ቀጥሎ ስምንት። እየገደላችሁ እየበዙ ነው። ቁጥሩ ባለበት እንዲቆም ብቻ ከአምስቱ አራቱን መግደል አለባችሁ፤ ያውም እንቁላል ከመጣላቸው በፊት። እናቲቱ ደግሞ ክንፍ ካወጣች በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መጣል ትጀምራለች። ጣል አድርጋ የሞተች ትንኝ ሬሳ ናት እንጂ ድል አይደለችም።

በሌላ በኩል አፈሩን ብትነኩትስ? ከመቶ እንቁላል 10 መሆኑ ቀርቶ አንድ ብቻ ክንፍ ቢያወጣ፣ እያንዳንዷ እናት የምትተካው በአማካይ ግማሽ እናት ነው። ቁጥሩ በየትውልዱ በግማሽ ይወርዳል። አንድም ትንኝ ሳታሳድዱ!

ይህ ማለት ወጥመድ ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በአገራችን በደቡብ ስምጥ ሸለቆና በምዕራብ ወንዞች አካባቢ ከብቶችን የገንዲ በሽታ የምታስይዘውን የቆላ ዝንብ፣ ጸጸን፣ እንውሰድ። ጸጸ እንቁላል አትጥልም፤ በዘጠኝ በአሥር ቀን አንዴ አንዲት እጭ ብቻ ትወልዳለች። መራባቷ ዝግ ያለ ስለሆነ በየቀኑ ከሴቶቹ 4 በመቶ ያህሉን በተጨማሪ መግደል ከተቻለ ቁጥሯ እየወረደ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ያለው ወጥመድ ጸጸ ላይ ውጤት ያለው። አንድ ዘዴ ለአንዷ መድኃኒት፣ ለሌላዋ ጨዋታ ነው። ልዩነቱን የሚወስነው የወጥመዱ ውበት ሳይሆን የነፍሳቷ የመራባት ፍጥነት ነው።

ፍሊት

ፍሊት የምንለው ሁሉ፣ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ስም ምንም ይሁን ምን፣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው ፓይሬትሮይድ የተባለ የኬሚካል ቤተሰብ ነው። የነፍሳትን ነርቭ በር ከፍቶ እንዳይዘጋ ያደርጋል፤ ነርቩ ያለማቋረጥ ይተኩሳል፣ ነፍሳቷ ትንፈራገጣለች፣ ትሞታለች። እዚህ ላይ ፍጥነቱ የሚያስደንቅ ነው፤ እኔም አልክድም።

በሦስቱ ጥያቄዎች ስንመዝነውስ? የሚነካው የምትበረውን ብቻ ነው። ጭጋጉ አፈሩ ላይ ያርፋል እንጂ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ወርዶ እጯን አያገኛትም። ሌላ ማንን ይነካል? የነርቭ በሩ ኤሊዋም ጋ አለ። እኛ አጥቢዎች ይህን ኬሚካል ጉበታችን ውስጥ በፍጥነት እንሰባብረዋለን። የኤሊ ገላ ሙቀት ግን በአካባቢዋ ሙቀት የሚወሰን ነው፤ በፉሪ የሐምሌ ሌሊት ውስጧ ያለው ኬሚስትሪ ሁሉ ይንቀረፈፋል። በዚያ ላይ ሆዷ ከአፈሩ ጋር የተጣበቀ ነው፣ ምግቧም መጠጧም እዚያው ነው። ቆርቆሮው ላይ “ነፍታችሁ ከክፍሉ ውጡ፣ ከዚያ አናፍሱ” ተብሎ ተጽፏል። ኤሊዋ በየት በኩል ትውጣ?

መርፌው

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ይኸኛው ነው። የቀረበልን መርፌ አይቨርሜክቲን ይባላል። ታላቅ መድኃኒት ነው፤ ለግኝቱ ዊልያም ካምቤልና ሳቶሺ ኦሙራ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በአገራችንም በጎችና ከብቶች ከጥገኛ ተውሳክ ይድኑበታል፤ ለሰውም ኦንኮሰርኪያሲስ የተባለውን ዓይን የሚያሳውር በሽታ ለመከላከል ይታደላል።

ለኤሊ ግን መርዝ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንስሳት ሕክምና ጥናት የፈተነው፣ እንደ አጋጣሚ፣ ከእኛዋ ኤሊ ጋር አንድ ዝርያ የሆነችውን ነው፤ ጀርባዋ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረውን፣ በሳይንሳዊ ስሟ ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ የተባለችውን። መድኃኒቱ የኤሊን ነርቭ ያሽመደምዳል፤ እግሯ ይዝላል፣ ከዚያም መተንፈስ ያቅታታል። ዛሬ የገበሎ አስተኔ፣ ማለትም የተሳቢ እንስሳት፣ ሐኪሞች ለኤሊ አይቨርሜክቲን በፍጹም አይሰጡም።

ይህ ምክር ድርብ ስህተት አለበት። አደገኛ መሆኑ አንድ ነው። ሁለተኛው ግን የሚያስቅ ነው፤ ትንኟ ኤሊዋ ላይ አትኖርም! የምትኖረው አፈሩ ውስጥ ነው። አፈሩ ታሞ ኤሊዋ ትወጋ? የሰጠን ሰው ክፉ አልነበረም፤ በግ ላይ የሚሠራውን ያውቃል። ችግሩ “እንስሳ” የሚለው ቃል በግንና ኤሊን አንድ ያደርጋቸዋል ብሎ ማመኑ ነው።

ጭሱና “ተፈጥሯዊ ነው” የሚለው ማረጋገጫ

ጥንጁት ዕቃ የምናጥንበት፣ ሽታው ደስ የሚል ተክል ነው፤ ጭሱ ነፍሳትን ማባረሩም በአገር ልምድ የታወቀ ነው። ማባረርና መጨረስ ግን ይለያያሉ። ጭሱ ሲበተን ትንኟ ትመለሳለች፤ እጯማ ጭስ መኖሩንም አልሰማች። ኤሊዋ ደግሞ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ናት። እንደ እኛ ጡንቻማ ድያፍራም ስለሌላት ሳል የሚባለው መከላከያ የላትም፤ ሳንባዋ ውስጥ የገባውን ገፍታ ማስወጣት ይቸግራታል።

“ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም” የሚለውን አባባል ግን እዚሁ ላይ እንሰናበተው። የትንባሆ ቅጠል የተዘፈዘፈበትን ውሃ እንርጭ ያሉንም ነበሩ። ኒኮቲን ተፈጥሯዊ ነው፤ ጠንካራ መርዝም ነው። እንዶድን አስቡ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዝያን ለመከላከል የሚረዳ ትልቅ ግኝት ሆነ። ነገር ግን ያው እንዶድ ዓሣም ይገድላል። አክሊሉ ትልቅ ሳይንቲስት የሆኑት “ተፈጥሯዊ ነው” ብለው ስላለፉት ሳይሆን ማንን እንደሚገድልና በምን መጠን እንደሚገድል ዓመታት ወስደው ስለመረመሩ ነው።

ኮምጣጤ፣ ቢጫ ወረቀትና አጎበር

እነዚህ ሦስቱ ከቀደሙት የዋሆች ናቸው፤ ቢሆንም ማለፍ አለባቸው እንጂ ይለፉ አንልም።

ኮምጣጤ የድሮሶፊላ ወጥመድ ነው። የፈላ ነገር ሽታ ስለምትወድ ገብታ ትሰምጣለች። የአፈር ትንኝ ግን ለኮምጣጤ እምብዛም ግድ የላትም። የእህቴ ጓደኛ አልዋሸችም፤ እነሱ ቤት የነበረችው ሌላዋ ትንኝ ናት። ያም ሆኖ ድሮሶፊላ ካለቻችሁ የተሻለው መፍትሔ የተረፈውን ፍራፍሬ ማታ ማንሳት ነው። ይህቺ የኤሊ ዝርያ ሣር በል ስለሆነች ሙዙ ራሱ ብዙ አያስፈልጋትም።

ሙጫ ያለው ቢጫ ወረቀት የአፈር ትንኝን በደንብ ይስባል። እንደ ሰበታና ሆለታ ባሉ አካባቢዎች አበባ የሚያበቅሉ ግሪን ሃውሶችን አስቡ፤ በእንዲህ ዓይነት እርሻ ይህ ወረቀት በዋናነት መቁጠሪያ ነው፤ ነፍሳቱ እየበዙ ነው ወይስ እየቀነሱ የሚለውን ይነግራል። እንደ መቁጠሪያ ምርጥ፣ እንደ ገዳይ ደካማ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ግን አታስገቡት። እንሽላሊት የመሰለች ትንሽ እንስሳ ከሙጫው ጋር ተጣብቃ ቆዳዋ ይላጣል።

አጎበርስ? ሳጥኑን በአጎበር መሸፈን ብልህነት ይመስላል። ሆኖም ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር በፓይሬትሮይድ የተነከረ ነው፤ ያ ፍሊት ውስጥ ያለው ቤተሰብ በጨርቅ መልክ መጣ ማለት ነው። ቀዳዳውም ለወባ ትንኝ ተብሎ የተለካ ስለሆነ ቀጭኗ የአፈር ትንኝ ሾልካ ታልፋለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትንኟ ከውጭ አትመጣም፤ ሳጥኑ ውስጥ ነው የምትወለደው። በሩን ዘግታችሁ ከሌባው ጋር አደራችሁ።

የእኔ ማራገቢያ

የሌላውን ሄሼ የራሴን ብዘል ነውር ነው። ወጥመዴ ያምር ነበር። ሐምራዊ መብራት፣ 12 ቮልት ማራገቢያ፣ ከሥሩ ሳሙና ያለው ውሃ። በየጠዋቱ ውሃው ላይ የትንኝ ሬሳ ተንሳፎ አገኛለሁ፣ በስልክ ፎቶ አነሳለሁ፣ እኮራለሁ። በሁለተኛው ሳምንት እህቴ ውሃውን እያየች “ትናንትም ይኼን ያህል ነበር፤ ዛሬም ይኼን ያህል ነው። ታዲያ ምን ቀነሰ?” ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋ ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ መሥራቱን በምን እናውቃለን? እኔ እቆጥር የነበረው የሞቱትን ነው። መቁጠር የነበረብኝ የሚወለዱትን ነው። የተማርኩት ትምህርት ስለ ፍሰት ነበር፤ ገንዳ ሲሞላ ውሃውን በጣሳ ከመጭለፍ በፊት ቧንቧውን ዝጋ የሚል። እኔ ግን ኤሌክትሪክ የሚበላ ጣሳ ሠርቼ ነበር።

ቧንቧውን መዝጋት

ቧንቧው እርጥበት ነው። ሳጥናችን የተሞላው በግቢያችን መረሬ አፈር ነበር። መረሬ ጥቁርና ሸክላማ ስለሆነ ውሃ ይዞ አይለቅም፤ ክረምት ላይ ፉሪ የሄደ ሰው ጫማው ያውቀዋል። በላዩ ላይ ሰጋቱራ ሲበሰብስ፣ የውሃ ሳህኗ ሲደፋ፣ አምፖሉ ሲያሞቀው፣ ለአፈር ትንኝ ከዚህ የተሻለ ማዋለጃ ቤት የለም።

ያደረግነው ቀላል ነው። አሮጌውን አፈር አውጥተን ከቤት ርቀን ጣልን። በምትኩ ውሃ የሚያሳልፍ ቀይ አፈር አስገባን፤ ከላዩ ሻጋታ የሌለበት ደረቅ ድርቆሽ አለበስነው። አዲሱን አፈር መጀመሪያ ደጅ ላይ በብረት ድስት ከጥቂት ውሃ ጋር ከድነን አሞቅነው (ትልቅ ሰው ባለበት አድርጉት)። እዚህ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይሁንና አፈሩ ከ60 ዲግሪ በላይ ለግማሽ ሰዓት ከቆየ እንቁላሉም እጩም አይተርፍም። ውሃ ሳህኗን ከባድ የሸክላ ገበቴ አደረግነው፤ አይደፋም። የተረፈ ምግብ ማታ ይነሳል። የላይኛው ሦስት ሴንቲሜትር አፈር ሁልጊዜ በጣት ሲነካ ደረቅ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የራሴንም መፍትሔ ልሂስ። ማድረቅ ኤሊዋን ማስጠማት አይደለም። በተለይ ገና የተፈለፈሉ ትንንሽ ኤሊዎች ቶሎ ውሃ ያጥራቸዋል። ስለዚህ ለብ ባለ ጥልቀት በሌለው ውሃ ከሳጥኑ ውጭ እንድትነከርና እንድትጠጣ ማድረግ ያስፈልጋል። እርጥበት የሚወዱ ሌሎች ገበሎ አስተኔዎች ካሏችሁ ደግሞ ይህ ዘዴ እንዳለ አይሠራም። ለእነሱ የሚመቸው ቢቲአይ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ በ1976 እ.ኤ.አ. በኔጌቭ በረሃ የተገኘ ሲሆን የትንኝ እጭ አንጀት ውስጥ ብቻ መርዝ ይሆናል። በሦስቱ ጥያቄዎች ሲመዘን ያማረ ነው፤ እጯን ይነካል፣ ኤሊዋን አይነካም።

ትዕግስትና የመስከረም ወጥመድ

አፈሩን በቀየርን ማግስት ትንኝ አልጠፋም። በረንዳው ላይ የተበተኑትና የአበባ ማሰሮው ውስጥ የቀሩት ነበሩ። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ሞቅ ባለ ቦታ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ ብርድ ሲሆን ከዚያም ይረዝማል። ቦይለር ያለው ሻወር ታውቃላችሁ? ቧንቧውን አዙራችሁ ውሃው እስኪሞቅ ካልታገሳችሁ፣ ደጋግማችሁ ታዞሩና ትቃጠላላችሁ። ሰው መፍትሔ በየሦስት ቀኑ የሚቀያይረው በዚህ መዘግየት ምክንያት ነው፤ የሚሠራውንም ጥሎት ያልፋል።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ይኼኛው ለእኛ ለሰዎቹ ነው። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ይቀንሳል፣ አፈሩ ይደርቃል፣ ትንኙ በራሱ ይመናመናል። ስለዚህ በመስከረም የተሞከረ መድኃኒት ሁሉ “ይሠራል”። ጭስ ያጨሰ ጭሱን ያመሰግናል፣ ፍሊት የነፋ ፍሊቱን። በሚቀጥለው ሐምሌ ያንኑ ምክር በሙሉ ልብ ለጎረቤቱ ይሰጣል። ውሸታም አይደለም፤ ማወዳደሪያ አልነበረውም እንጂ።

እኛ ማወዳደሪያ አስቀመጥን። አሮጌውን መረሬ በሁለት የአበባ ማሰሮ ከፍለን፣ አንዱን እርጥብ፣ ሌላውን ከላይ ደረቅ አድርገን በረንዳው ዳርና ዳር አኖርን፤ በየአጠገባቸው አንዳንድ ቢጫ ወረቀት። እህቴ ደብተር ይዛ በየእሁዱ ቆጠረች። ዝናቡ ለሁለቱም አንድ ነው፣ ብርዱም አንድ ነው። በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ የእርጥቡ ወረቀት እንደጠቆረ ነበር፤ የደረቁ ግን ተቆጥሮ የሚያልቅ ሆነ። ሳጥኑም እንደ ደረቁ ማሰሮ ሆነ። ጨርሶ ጠፋ አልላችሁም፤ አንድ ሁለት ትንኝ ዛሬም ትታያለች። አምፖሉ ሥር ግን ደመና የለም።

ትንኟ ምን እያለች ነበር?

አሁን ወደ ኋላ ሳስበው የሁሉም ምክር፣ የእኔም ጭምር፣ ጉድለት አንድ ነው። ሁላችንም ትንኟን በሽታ አደረግናት። እሷ ግን መለኪያ ነበረች። ይህቺ ኤሊ ዘሯ የደረቅ ሣር ምድር ነው፤ ስምጥ ሸለቆና ቆላ። ብርድና እርጥበት ተደርበው ሲመጡባት አፍንጫዋ ይዝረከረካል፣ ሳንባዋ ይታመማል፣ ቅርፊቷ ይበሰብሳል። ትንኟ ክንፍ አውጥታ “ይህ ሳጥን ለእኔ ተስማምቶኛል” ስትል፣ በተዘዋዋሪ “ለኤሊዋ አልተስማማትም” ማለቷ ነው። ፍሊቱ ቢሳካልን ኖሮ የነዳጅ መለኪያውን ሰብረን ነዳጅ ሞላን ብለን እንነዳ ነበር።

ይህን አንብባችሁ ኤሊ ፍለጋ እንዳትወጡ ግን አደራ። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የሚያስጠይቅ ነው፤ ይህ የኤሊ ዝርያም በዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት ንግዱ ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። እንደ እኛ ከድሮ ጀምሮ ግቢያችሁ ያለች ካለች ጉዳዩን የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ኤሊ የሌላችሁም ብትሆኑ የአበባ ማሰሮና አንድ ድንች አታጡም። ድንቹን ዛሬ ማታ ድፉት። በሦስተኛው ቀን ገልብጡትና ከሥሩ ያለውን ቁጠሩ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣላችሁን ምክር ሁሉ በሦስቱ ጥያቄዎች ለመመዘን በእጃችሁ የራሳችሁ ቁጥር አለ።